ፆምን የሚያፈርሰው ምንድን ነው? ከመዲና እስከ ጂዳ የተጓዘ አንድ ጥያቄ

ቢስሚላህ። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓባዎቻቸው ላይ ይሁን።



ረመዳን በገባ ቁጥር ከዐስር ሰላት በኋላ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች አይለወጡም። ጥርሴን በሳሙና ብቦርሽ ፆሜ ይፈርሳል? መርፌ ተወግቻለሁ፣ ቀዷእ አለብኝ? የዓይን ጠብታስ? የአስም መድኃኒትስ? ረስቼ ውሃ ብጠጣስ? ጠያቂው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። ከእኛ ጋር ከመድረሱ በፊትም ስልኩ ላይ ሁለት ተቃራኒ መልሶች አግኝቷል። አንዱ "ፈርሷል" ይለዋል፤ ሌላው "ምንም የለበትም" ይለዋል። እሱ ደግሞ ግራ ተጋብቶ ይመጣል።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ግን የሌላ ሰው ግራ መጋባት ሳይሆን የራሳችን ስህተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ስለ እናቱ ጠየቀን። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ሐኪም ፈቅዶላቸው ይፆማሉ፤ ቀን ላይ ግን ጣታቸውን ወግተው የስኳራቸውን መጠን እንዲለኩ ታዘዋል። ደም መውጣቱ ፆማቸውን ያፈርሳል ወይ? እኛም ሳናጣራ፣ "ደም ማውጣት ከዋግምት ጋር ይመሳሰላል፤ ቢቀርባቸው ይሻላል" ብለን መለስን። እናት መለካቱን ተዉት። በሦስተኛው ቀን ስኳራቸው ወርዶ መግሪብ ሊደርስ ሲል ወጥ ቤት ውስጥ ወደቁ። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። ሸይኻችን ነገሩን ሲሰሙ ጠርተውን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየትኛው ኪታብ ነው የመለሳችሁት? መልስ አልነበረንም። በተማርነው በሻፊዒይ መዝሀብ ዋግምቱ ራሱ ፆም አያፈርስም፤ ታዲያ የጣት መወጋት እንዴት ሊያፈርስ?

ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከየት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ ለማወቅ ወደ ኪታቦቹ ተመለስን። ያገኘነውን እነሆ። ይህ ፈትዋ አይደለም፤ ፈትዋ ከዑለማኦች ይጠየቃል። ይህ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው።

🔹 በመዲና፦ ደንቡ ሲጸና

የረመዳን ፆም ግዴታ የሆነው በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በሻዕባን ወር ነው፤ እ.ኤ.አ 624 መሆኑ ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ በኋላ በሕይወታቸው ዘጠኝ ረመዳኖችን ፆመዋል። ዛሬ የምናውቀው ሥርዓት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ አልነበረም።

አል-በራእ ኢብኑ ዓዚብ (ረ.ዐ) እንዳወሩትና ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ፆመኛ መፍጠሪያው ደርሶ ሳይበላ እንቅልፍ ከወሰደው፣ ያን ሌሊትና የሚቀጥለውን ቀን እስከ ምሽት መብላት አይችልም ነበር። ከአንሷሮች አንዱ የሆኑት ቀይስ ኢብኑ ሲርማ (ረ.ዐ) ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው በኢፍጧር ሰዓት ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸውን ምግብ እንዳለ ጠየቁ። ቤት ውስጥ አልነበረምና ልፈልግልህ ብላ ወጣች። እስክትመለስ ድካም ጣላቸው፤ ተኙ። ስትመለስ ተኝተው አገኘቻቸውና አዘነችላቸው። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቀይስ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተነገረ። ከዚያም የበቀራ ምዕራፍ 187ኛው አንቀጽ ወረደ። በፆም ሌሊት ከባለቤት ጋር መገናኘት፣ መብላትና መጠጣት እስከ ንጋት ድረስ ተፈቀደ፤ ከዚያ እስከ ምሽት ፆሙን መሙላት ታዘዘ። ሶሓባዎች በዚህ አንቀጽ እጅግ ተደሰቱ።

ወጣቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። የፆማችንን ገደብ የሚያስቀምጠው ታላቁ አንቀጽ የወረደው አንድ ደክሞ የመጣ ሠራተኛ በረሃብ ከወደቀ በኋላ ነው፤ የወረደውም ለማቅለል ነው። ፆምን የሚያፈርሱት ሦስቱ መሠረቶች፣ ማለትም መብላት፣ መጠጣትና የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ የተመሠረቱት በዚሁ አንቀጽ ላይ ነው። በእነዚህ ላይ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በሙስሊሞች መካከል ልዩነት የለም። ሐይድና ኒፋስ ላይ ያለች ሴት ፆሟ እንደማይጸናና በኋላ ቀዷእ እንደምታወጣም እንዲሁ ስምምነት አለ።

ግልጽ የሆነው አንቀጽ እንኳ በተሳሳተ መንገድ የተረዳው ሰው ነበር። አንቀጹ ነጩ ክር ከጥቁሩ ክር እስኪለይ ድረስ ይላል። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ነጭና ጥቁር ገመድ ትራሳቸው ሥር አስቀምጠው በጨለማ ይመለከቱ ጀመር። አልለይ ሲላቸው ጠዋት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሯቸው። እሳቸውም ክሩ የሌሊቱ ጥቁረትና የንጋቱ ብርሃን እንደሆነ አስረዷቸው። ዐዲይ አልተሰደቡም፤ ተማሩ እንጂ።

🔹 የረሳው ሰውና "ጠፋሁ" ያለው ሰው

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ካስተላለፏቸው ሐዲሶች ሦስቱ የዚህ ርዕስ ምሰሶዎች ናቸው።

አንደኛው ፆመኛ መሆኑን ረስቶ ስለበላ ወይም ስለጠጣ ሰው ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያበላውና ያጠጣው አላህ ስለሆነ ፆሙን እንዲቀጥል አዘዙ። አብዛኞቹ ዑለማኦች ቀዷእም የለበትም አሉ። ኢማም ማሊክ ግን በግዴታ ፆም ላይ ረስቶ የበላ ሰው ቀኑን ፆሞ ይዋልና በኋላ ቀዷእ ያውጣ አሉ።

ሁለተኛው ስለ ትውከት ነው። ትውከት ያሸነፈው ሰው ምንም የለበትም፤ ሆን ብሎ ያስመለሰ ግን ቀዷእ አለበት።

ሦስተኛው ሁላችንም የምንወደው ታሪክ ነው። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ጠፍቻለሁ አለ። በረመዳን ቀን ከባለቤቱ ጋር ተገናኝቷል። ባሪያ ነፃ ማውጣት ትችላለህ ወይ ሲባል አልችልም አለ። ሁለት ወር በተከታታይ መፆምስ? አልችልም። ስልሳ ሚስኪኖችን ማብላትስ? እሱንም አልችልም። ተቀመጠ። በዚህ መሀል በቅርጫት ቴምር መጣ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ውሰድና መጽውት አሉት። እሱ ግን በመዲና ሁለት ጥቁር ድንጋያማ ሜዳዎች መካከል ከእኛ ቤት የባሰ ድሃ የለም አለ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ፤ ቤተሰብህን አብላው ብለውም ላኩት።

ከዚህ ሐዲስ የከፋራ ሕግ ወጣ። ሻፊዒይና አሕመድ ከፋራውን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ብቻ ወሰኑት። አቡ ሐኒፋና ማሊክ ደግሞ ሆን ብሎ የበላና የጠጣንም ጨመሩበት። ጥፋቱ ከባድ ነው፤ ከፋራው ራሱ ይህን ይናገራል። ሰውየው ግን እየፈራ መጥቶ ቴምር ተሸክሞ ተመለሰ። ከእኛ ዘንድ ፈርቶ የመጣ ወጣት ምን ተሸክሞ ይመለሳል?

🔹 ሶሓባዎች፦ ማነጻጸርና መመለስ

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) አንድ ቀን ፆመኛ ሆነው ባለቤታቸውን ሳሙ። ደንግጠው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዱ። እሳቸውም በጥያቄ መለሱላቸው፤ ፆመኛ ሆነህ በውሃ ብትጉመጠመጥስ? ዑመር ችግር የለውም አሉ። ታዲያ ምን አለ? ተባሉ። አቡ ዳውድ የዘገቡት ይህ ሐዲስ ለፉቀሃእ ትልቅ በር ከፈተ። መጉመጥመጥ የመጠጣት መግቢያ ነው፤ ራሱ ግን መጠጣት አይደለም። መሳምም የግንኙነት መግቢያ ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ግን ግንኙነት አይደለም። ያልታወቀውን በታወቀው መመዘን፣ ማለትም ቂያስ፣ በዚህ መንገድ ተማሩት። ስሜቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው ግን ከዚህ መራቅ አለበት።

ሌላው ታሪክ የአቡ ሁረይራ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሞት በኋላ አቡ ሁረይራ ጀናባ ሆኖ ሳይታጠብ ያነጋ ሰው ያን ቀን አይፆምም እያሉ ፈትዋ ይሰጡ ነበር። ወሬው የመዲና አስተዳዳሪ ከነበሩት ከመርዋን ጋር ደረሰ። እሳቸውም ዐብዱረሕማን ኢብኑል ሓሪስን ወደ እናቶቻችን ዓኢሻና ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ላኩ። ሁለቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤታቸው ጋር ተገናኝተው ጀናባ ሆነው ያነጉ እንደነበርና ከዚያ ታጥበው ይፆሙ እንደነበር ነገሯቸው። ይህ ለአቡ ሁረይራ ሲደርሳቸው እነሱ የበለጠ ያውቃሉ አሉ፤ ነገሩን የሰሙት ከፈድል ኢብኑ ዐባስ እንደሆነ ተናግረውም ከፈትዋቸው ተመለሱ።

በሺዎች የሚቆጠር ሐዲስ ያስተላለፉ ሶሓባ የተሻለ መረጃ ሲመጣላቸው በሰው ፊት ተመለሱ። ይህን ስናነብ ያችን ወጥ ቤት ውስጥ የወደቀችውን እናት አስታወስን። የእኛ መመለስ እንዴት ከባድ ሊሆንብን ይችላል?

በዋግምት ጉዳይ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሐዲስ መጣ። ሸዳድ ኢብኑ አውስና ሰውባን (ረ.ዐ) ካስተላለፉት አንጻር የሚያግመውም የሚታገመውም አፍጥረዋል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፆመኛ ሆነው እንደታገሙ ተናገሩ። ኢማም ሻፊዒይ ዘመኑን አዩ። የሸዳድ ሐዲስ መካ በተከፈተበት በ8ኛው ዓመት የተነገረ ነው፤ ኢብኑ ዐባስ የተናገሩት በ10ኛው ዓመት የስንብት ሐጅ የሆነውን ነው፤ ስለዚህ የኋለኛው የፊተኛውን ሽሮታል አሉ። ኢማም አሕመድ ግን የመጀመሪያውን ይዘው ዋግምት ያፈጥራል አሉ። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ዋግምትን ለፆመኛ ትጠሉት ነበር ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ስለሚያደክም ካልሆነ በቀር አንጠላውም ነበር ብለዋል። ዛሬ ስለ ደም ልገሳና ስለ ደም ምርመራ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ሥሩ እዚህ ነው። ዋግምት ያፈጥራል ካሉት ዑለማኦች መካከል እነ ኢብኑ ባዝና ኢብኑ ዑሰይሚን እንኳ ለምርመራ የሚወሰድ ጥቂት ደም ፆም አያፈርስም ብለዋል።

🔹 "ጀውፍ"፦ የፉቀሃእ ዘመን

ከሶሓባዎች በኋላ አራቱ ኢማሞች መጡ፤ አቡ ሐኒፋ (150 ዓ.ሂ ያረፉ)፣ ማሊክ (179)፣ ሻፊዒይ (204) እና አሕመድ (241)። ጥያቄው ሰፋ። መብላት የሚባለው ምንድን ነው? በአፍ የሚገባ ብቻ ነው ወይስ በማንኛውም መንገድ ወደ ውስጥ የሚደርስ ነገር?

መነሻቸው የለቂጥ ኢብኑ ሰቢራ (ረ.ዐ) ሐዲስ ነው። በውዱእ ጊዜ ውሃን ወደ አፍንጫ በደንብ መሳብ ታዟል፤ ፆመኛ ሲሆን ግን ማብዛት ተከልክሏል። ስለዚህ አፍንጫም ወደ ውስጥ መንገድ ነው አሉ። የሚደርስበትን ቦታ "ጀውፍ" አሉት፤ የሰውነት ውስጠኛ ክፍል ማለት ነው። ከዚያም ወደ ጀውፍ የሚወስዱ ክፍት መንገዶችን መቁጠር ጀመሩ። ልዩነቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

ኩልን እንውሰድ። ሐነፊዮችና ሻፊዒዮች ዓይን ክፍት መንገድ አይደለምና ጣዕሙ ጉሮሮ ላይ ቢሰማም አያፈርስም አሉ። ማሊኪዮችና ሐንበሊዮች ግን ጉሮሮ ከደረሰ ያፈርሳል አሉ። ጆሮን በሻፊዒይ መዝሀብ ከክፍት መንገዶች ቆጠሩት። እስከ ሆድ የዘለቀ ቁስል ላይ የሚደረግ መድኃኒት ውስጥ ከደረሰ በአቡ ሐኒፋ ዘንድ ያፈርሳል፤ በሁለቱ ተማሪዎቻቸው በአቡ ዩሱፍና በሙሐመድ ዘንድ ግን አያፈርስም።

እኛን ያስገረመን በሐነፊዮች ኪታብ በ"ሂዳያ" ያገኘነው ነው። በሽንት ቧንቧ የሚገባ መድኃኒት ያፈርሳል ወይ በሚለው ላይ አቡ ሐኒፋና አቡ ዩሱፍ ተለያዩ። የ"ሂዳያ" ደራሲ አል-መርጊናኒ (593 ዓ.ሂ ያረፉ) ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አቡ ዩሱፍ በሽንት ቧንቧውና በጀውፍ መካከል መተላለፊያ አለ ብለው ገምተዋል፤ አቡ ሐኒፋ ደግሞ ፊኛው ይጋርዳል ብለው ገምተዋል ይላሉ። ከዚያም ይህ የፊቅህ ጉዳይ እንዳልሆነ ይጠቁማሉ። አዎን፣ ይህ የአካል ዕውቀት ነው። ዛሬ ከ800 ዓመታት በላይ አልፎታል። ታላቁ ፈቂህ ሕጉ በሸሪዓ፣ የሰውነት አሠራሩ ግን በሌላ ባለሙያ እንደሚታወቅ ለይተው አስቀምጠውልናል። ከመዝሀቦቹ ልዩነት አንዱ ክፍል የሐዲስ ልዩነት ሳይሆን በዘመኑ ስለ ሰውነት የነበረው ዕውቀት ልዩነት ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ክበቡን ያጠበቡም ነበሩ። የአንዳሉሱ ኢብኑ ሐዝም (456 ዓ.ሂ) በአፍንጫም ሆነ በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒት መብላትም መጠጣትም አይደለምና አያፈርስም አሉ። ኢብኑ ተይሚያ (728 ዓ.ሂ) ደግሞ ጠንካራ ማስረጃ አቀረቡ። ኩል፣ ቅባትና ዕጣን በሶሓባዎች ዘመን በየቤቱ የነበሩ ነገሮች ናቸው። ፆምን የሚያፈርሱ ቢሆኑ ኖሮ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይገልጹት ነበር፤ ለሁሉም ሰው የሚያስፈልግ ነገር ሳይነገር አይቀርም አሉ።

🔹 ትምባሆ፦ አዲስ ነገር ሲመጣ

እ.ኤ.አ 1600 አካባቢ ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም ገባ። በቁርኣንም በሐዲስም በስም ያልተጠቀሰ፣ የቀደሙት ኢማሞች ያላዩት ነገር ነው። አይበላም፣ አይጠጣም፤ ጭስ ነው። የመንገድ አቧራና የወፍጮ ዱቄት ሳይፈለግ ጉሮሮ ቢገባ ደግሞ አያፈርስም። ታዲያ ጭሱ እንዴት ያፈርሳል?

ፉቀሃእ ልዩነቱን ለዩ። አቧራው ሳትፈልገው ይገባል፤ የትምባሆውን ጭስ ግን አንተ ራስህ ፈልገህ፣ ሆን ብለህ ወደ ውስጥ ትስበዋለህ። በግብጽ የነበሩት ሐነፊው አሽ-ሹሩንቡላሊ (1069 ዓ.ሂ ያረፉ) በረመዳን ቀን ትምባሆ የሳበ ሰው ያለ ጥርጥር አፍጥሯል ብለው ጻፉ። ስለዚህ ሲጋራም ሆነ ሺሻ "ጭስ እንጂ ምግብ አይደለም" ብሎ ማምለጥ አይቻልም። መንገድ ላይ የሌላ ሰው ጭስ ያለፈቃድህ ቢደርስህ ግን ምንም የለብህም።

🔹 መርፌው፣ የአስም መድኃኒቱና የጂዳው ስብሰባ

ከቆዳ ሥር የሚወጋው የሕክምና መርፌ እ.ኤ.አ በ1853 ተሠራ። ኢንሱሊን በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ ተሰጠ። ልክ ባለው መጠን ወደ አፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት በ1956 ወጣ። በመርፌ የሚገባ ነገር በአፍም በአፍንጫም አይገባም፤ ግን ወደ ሰውነት ይገባል። የግብጽ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒይ (እ.ኤ.አ 1935 ያረፉ) ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ በተለመደው ክፍት መንገድ ስለማይገባ አያፈርስም አሉ። የኢማሞቹ የጥንት መለኪያ ለአዲሱ መሣሪያ መልስ ሰጠ።

ጥያቄዎቹ ሲበዙ ሐኪሞችና ዑለማኦች አብረው መቀመጥ አስፈለጋቸው። በ1418 ዓ.ሂ በሰፈር ወር (እ.ኤ.አ 1997) መጀመሪያ ካዛብላንካ ላይ በጉዳዩ ተወያዩ። በዚያው ወር መጨረሻ ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ ምክር ቤት በ10ኛ ጉባኤው ጂዳ ላይ 93ኛውን ውሳኔ አሳለፈ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

▪️ የዓይን፣ የጆሮና የአፍንጫ ጠብታ፦ ጉሮሮ የደረሰውን ላለመዋጥ ከተጠነቀቀ አያፈርስም።
▪️ ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረግ ክኒን፦ ጉሮሮ የደረሰው ካልተዋጠ አያፈርስም።
▪️ ጥርስ ማስነቀል፣ ማስሞላት፣ ማጽዳት፣ መፋቂያና የጥርስ ቡሩሽ፦ ጉሮሮ የደረሰው ካልተዋጠ አያፈርስም።
▪️ በቆዳ፣ በጡንቻና በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ፦ አያፈርስም። ምግብነት ያለው ፈሳሽ ግን ከዚህ ወጥቷል፤ ስለዚህ እንደ ግሉኮስ ያለው ያፈርሳል።
▪️ ኦክስጂን፦ አያፈርስም።
▪️ በቆዳ የሚቀባ ቅባትና መድኃኒት፦ አያፈርስም።
▪️ ወደ ጨጓራ የሚገባ የምርመራ መሣሪያ፦ ፈሳሽ ወይም ሌላ ነገር አብሮት ካልገባ አያፈርስም።

እኛን የበለጠ ያስተማረን ግን ምክር ቤቱ ያልወሰነው ነው። የአስም መድኃኒቱ፣ ዋግምት፣ ለምርመራ ደም መስጠት፣ የኩላሊት እጥበትና በፊንጢጣ የሚሰጥ መድኃኒት ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋሉ ተብለው ለሌላ ጊዜ ተላለፉ። የዓለም ታላላቅ ዑለማኦችና ሐኪሞች ተሰብስበው "ገና እናጥና" አሉ። እኛ ግን መስጂድ ደጃፍ ላይ ቆመን በአንድ ደቂቃ መለስን።

በአስም መድኃኒቱ ላይ ዛሬም ልዩነቱ አለ። ሸይኽ ኢብኑ ባዝና ሸይኽ ኢብኑ ዑሰይሚን አያፈርስም አሉ። ይህን የሚሉ ዑለማኦች መድኃኒቱ የሚሄደው ወደ ሳንባ እንደሆነና ጨጓራ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት መሆኑን ያነሳሉ፤ ከመጉመጥመጥ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረው እርጥበት ይቅር ከተባለ ይህም ይቅር ይባላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ውሃና መድኃኒት ያለበት አካል በአፍ ሆን ተብሎ ስለሚገባ ያፈርሳል፤ የተቸገረ ተጠቅሞ ቀዷእ ያውጣ ይላሉ። በሁለቱም አባባል ግን ደረቱ የታፈነ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል። አንዱ "ፆምህ ሙሉ ነው" ይለዋል፤ ሌላው "ቀዷእ ታወጣለህ" ይለዋል። እስኪሞት ታግሶ ይዋል የሚል ዓሊም የለም።

🔹 ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ?

አንደኛ፣ እርግጠኛውንና ልዩነት ያለበትን እንለይ። ሆን ብሎ መብላት፣ መጠጣትና የግብረ ሥጋ ግንኙነት ፆምን ያፈርሳሉ፤ ይህ አለቀለት። ኩል፣ ዋግምት፣ የጆሮ ጠብታና የአስም መድኃኒት ግን ዑለማኦች በማስረጃ የተለያዩባቸው ናቸው። በሀገራችን አብዛኛው ሙስሊም ሻፊዒይ ነው፤ በወሎና በሌሎች አካባቢዎች ደግሞ ሐነፊዮች አሉ። ጎረቤትህ ከአንተ የተለየ ካደረገ ከማውገዝህ በፊት ኢማሙ ማን እንደሆነ ጠይቅ። ለኢፍጧር ሾርባ የምትሠራ እህታችን ጨዉን በምላሷ ጫፍ ቀምሳ ብትተፋ ፆሟ አይፈርስም፤ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ፈቅደውታል።

ሁለተኛ፣ ሕመምን ለሐኪም፣ ሕግን ለዓሊም እናቅርብ። አል-መርጊናኒ የለዩት ይህን ነው፤ ጂዳ ላይም የተደረገው ይህ ነው። ስኳር፣ አስም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሁለቱንም ይጠይቅ። ሐኪሙ አትፁም ካለው ደግሞ ቁርኣን በበቀራ ምዕራፍ 184ኛውና 185ኛው አንቀጽ በሽተኛን ፈቅዶለታል። የአላህን ፈቃድ መቀበል ድክመት አይደለም። ስኳሩ እየወረደ ነፍሱ አደጋ ላይ የወደቀች ሰው ወዲያውኑ ማፍጠር አለበት።

ሦስተኛ፣ ለማናውቀው አላውቅም እንበል። ስልክ ላይ የተገኘ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይዞ ሰውን "ፆምህ ፈርሷል" ማለት ቀላል ነው። ከኋላው ግን የአንዲት እናት ጤና ሊኖር ይችላል።

አራተኛ፣ ስለ ጠብታና ስለ መርፌ የምንጨነቀውን ያህል ስለ ምላሳችንም እንጨነቅ። የሻሙ ኢማም አል-አውዛዒይ (157 ዓ.ሂ ያረፉ) ሐሜት ፆምን ያፈርሳል፤ ቀዷእም አለበት እስከ ማለት ደርሰዋል። አብዛኞቹ ዑለማኦች ፆሙ አይፈርስም፤ ምንዳው ግን ይጠፋል አሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሐሰት ንግግርንና በሐሰት መሥራትን ያልተወ ሰው ምግቡንና መጠጡን መተዉ ለአላህ ጉዳይ እንዳልሆነ አስጠንቅቀዋል። ጥርሱን ለመቦረሽ ዓሊም የሚጠይቅ ወጣት በኮሜንት ወንድሙን ከመሳደቡ በፊት ማንን ጠየቀ?

ያቺ እናት ዛሬ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በጤና አሉ። በቀጣዩ ረመዳን ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ስኳራቸውን እየለኩ፣ ሐኪም በፈቀደላቸው ቀን እየፆሙ፣ በከለከላቸው ቀን እያፈጠሩ ነበር። ቴምር አቅርበውልን እሳቸው ጋር አፈጠርን።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባወቅነው የምንሠራ ያድርገን፣ ያለ ዕውቀት በስሙ ከመናገር ይጠብቀን። ፆማችንንም ይቀበለን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።

ስኳር ወይም አስም ያለበት ዘመድ ላለው ሁሉ ጽሑፉን ያድርሱልን።